የድቡሽ የፊት ጥርስ

ጥቅምት 6 ቀን

ለምወድህ የእህቴ ልጅ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ሥራ ላይም ሁን አልጋ ላይ፣ ጤናህ ሙሉ ሆኖ ያግኝህ። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና እስካሁን ሰው አያነሳኝም፤ እንዲያውም ሌላውን የማነሳው እኔ ነኝ። የሕፃናት ማቆያዬ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ልጅ ይዟል። አሥራ ሰባት አፍንጫ ስጠርግ ነው የምውለው። አንተስ መብላት ጀመርክ? በላክኸው ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ጋዋን ለብሰህ ሳይህ ጋዋኑ ብቻውን የቆመ መስሎኝ ነበር። በልጅነትህ "ጭራሮ" ያልኩህ በከንቱ አይደለም።

የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የሕፃናት ጥርስ ሐኪም የሆነ ልጅ እያለኝ ማንን እጠይቃለሁ? ባለፈው ማክሰኞ ድቡሽ የምንለው፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ፣ ከመመገቢያው ክፍል ወደ መጫወቻው በምታወርደው ደረጃ ላይ ሲሮጥ ወደቀ። አንዲት ደረጃ ናት፤ ታውቃታለህ። የላይኛው የፊት ጥርሱ ወለቀ። ደሙ ብዙ ነበር። ልጁ አንዴ ጮኸና ዝም አለ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ዝምታው ነው።

ጥርሱን ግን አጣነው። ወለሉን ጠረግን፣ ምንጣፉን አራገፍን። አባቱ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ከነክራቫቱ በሆዱ ተኝቶ ከቁም ሣጥኑ ሥር በባትሪ ፈለገ። ጎረቤታችን ባለ መድኃኒት ቤቱ "ካገኛችሁት ወተት ውስጥ ነክራችሁ ቶሎ ወደ ቦታው መልሱት" ብሎ ስለነበር አንድ ኩባያ ወተት ጠረጴዛው ላይ ሲጠብቅ ዋለ። እናቱ ባንክ ነው የምትሠራው፤ ፊርማ ስታመሳክር ስለምትውል ሰውንም የምታየው እንደዚያው ነው። ልጇን አቅፋ ወጣች።

እስቲ ምን ልበላት? ጥርሱ ይበቅላል? ስልክ እንዳትደውል፤ ስልኩ ያለው ወላጆች ልጆቻቸውን በሚጠብቁበት ክፍል ነው፤ እነሱም ጆሯቸውን ቤታቸው ትተው አይመጡም።

አክስትህ


ጥቅምት 20 ቀን

እንደ እናት ላሳደገችኝ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ላንቺም ለአሥራ ሰባቱ አፍንጫዎችሽም ይድረስ። ለጉልበትሽ ምርቃት ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም እመኝልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁም፤ ጋዋኑ ነው የሰፋው።

በቅድሚያ አስቸኳዩን ልበል። ልጁ ያስለዋል? ሲተነፍስ ያፏጫል? የጠፋ ጥርስ ወደ አየር ቧንቧ ሊገባ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። ውጦት ከሆነ ግድ የለም፣ በራሱ መንገድ ይወጣል። ሦስተኛውን ቦታ ግን ሰው አያስበውም፤ ድዱ ውስጥ። በዚህ ዕድሜ አጥንቱ ለስላሳ ስለሆነ፣ ጥርስ ከሥር በኃይል ሲመታ ሽቅብ ገብቶ ይቀበራል። ላየው ሰው የወለቀ ይመስላል። ስለዚህ ራጅ ይነሣ። እስከዚያው ለስላሳ ነገር ይብላ፤ ጥርሱንም ከምግብ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱለት።

ባለ መድኃኒት ቤቱ የነገራችሁ ለትልቅ ልጅ የሚሆን ነው። ቋሚ ጥርስ ሲወልቅ አዎ፣ ወተት ውስጥ ተደርጎ ወደ ሐኪም ይሮጣል። የወተት ጥርስ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ከበላዩ ዋናው ጥርስ እየተሠራ ነው፤ ስትገፊው እሱን ትጎጂዋለሽ። እንኳን ጠፋባችሁ።

ለእናቱ እንድታሳዪያት ደግሞ በሌላ ገጽ ላይ ይህን ጽፌ አያይዤዋለሁ፤ "ትንንሽ ልጆች ጥርሳቸውን በብዛት የሚጎዱት መራመድና መሮጥ ሲለምዱ ነው። ጭንቅላታቸው ይከብዳል፣ እግራቸው ገና ሥራውን አልለመደም። የጠረጴዛ ጠርዝ፣ ደረጃ፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ ዥዋዥዌ፣ አፋቸው ውስጥ ይዘውት የሚሮጡት አሻንጉሊት፣ አንዳንዴም የጓደኛ ጭንቅላት ምክንያት ይሆናል። አንዱ ጥርስ ጫፉ ይሸረፋል፤ አንዱ ይነቃነቃል፤ አንዱ ወደ ኋላ ይጎብጣል፤ አንዱ ድድ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ጨርሶ ይወልቃል። ምንም ያልሆነ የመሰለው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሊጠቁር ይችላል።" ስሜንና የክሊኒኩን ማኅተም ያደረግሁት እናትየው ካንቺ ይልቅ ማኅተም ታምን ይሆናል ብዬ ነው።

እንግዲህ ማንኛውንም ወላጅ የምጠይቀውን ላንቺም ልጠይቅሽ፤ የሥራ ልማድ ነው። አገጩ ተፍቋል? አፍንጫውስ? መዳፉ ላይ ጭረት አለ? የላይኛውን ከንፈሩን ገልበጥ አድርገሽ ስታይ፣ ከድዱ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ክር ተቀዷል?

ልጅሽ


ኅዳር 4 ቀን

ለኩራቴ፣ ለእህቴ ልጅ፣

እጅህን ይባርከው፤ የነካኸው ሁሉ ይዳን። ጥርሱ ተገኘ! ልክ እንዳልከው ድዱ ውስጥ ተቀብሯል። ራጅ ያነሳው ባለሙያ ራሱ "ማነው ይህን የገመተው?" ብሎ ጠየቀ አሉ። እኔ በሆዴ "ጭራሮዬ ነዋ" አልኩ። ሐኪሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፣ ዋናው ጥርስ ግን ሲወጣ ነጠብጣብ ሊኖረው ይችል ይሆናል፣ አሁን አይታወቅም አላቸው።

ደስታዬ ግን ሁለት ቀን አልቆየም። እናቱ "ጥርስ እዚያ ድረስ ለመግባት ምን ያህል ኃይል ይፈልጋል?" ብላ ሐኪሙን ጠየቀች። እሱም "ብዙ" አላት። አሁን "ልጄን ሰው መትቶታል" ብላ ለማቆያ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አመለከተች። ኅዳር 30 እንድንቀርብ ተጠርተናል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ፈቃድ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ልሠራ? የሰው ልጅ ከማሳደግ በቀር የማውቀው ነገር የለም።

ለጥያቄዎችህ መልሱ እነሆ። አገጩ ያን ቀን ትንሽ አብጦ ነበር። ክሩ ተቀዶ ነበር፣ አሁን ድኗል። መዳፉ ግን ያኔም እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነበር፤ አንዲት ጭረት አልነበረበትም። ያን ያህል ከባድ አወዳደቅ እንዳልነበር ከዚህ ታየዋለህ።

በፊት ያልጻፍኩልህ አንድ ነገር አለ። ልጁ ዝም ብሎ አይደለም የወደቀው፣ ተገፍቶ ነው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ አለ፤ እኩዮቹን አሰልፎ "ቀኝ ዙር!" ስለሚል ጄኔራሉ እንለዋለን። እናቱ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው። እሱ ነው የገፋው። ልጅ ነው ብዬ ልሸፍንለት ነበር፣ ነገሩ ሲከፋ ግን መናገር ግድ ሆነብኝ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከማቆያው አስወጥቼዋለሁ።

አሁን ከአንተ የምፈልገው ሁለት መስመር ነው። "እንዲህ ያለው ጉዳት የሚደርሰው ልጅ በልጅ ሲገፋ ነው" ብለህ፣ ማኅተምህን መትተህ፣ ከ30 በፊት እንዲደርስ አድርገህ ላክልኝ። ሁለት መስመር ብቻ።

የሚወድህ ልቤ ካንተ ጋር ነው፤
አክስትህ


ኅዳር 15 ቀን

ለአክስቴ፣

ሰላምሽን ያብዛልኝ። የልጁ ጥርስ በመገኘቱ በጣም ደስ ብሎኛል።

የጠየቅሽኝን ወረቀት ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አልላክሁም። አትቆጪ፤ መጀመሪያ ስሚኝ። ልጁን አላየሁትም። ባየው እንኳ ጥርስ ማን እንደገፋ አይናገርም። ከየት በኩል እንደተመታ ብቻ ነው የሚናገረው።

በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ልጁ እየሮጠ ነበር የወደቀው። በሁለተኛው ደብዳቤሽ ግን ሰው ገፋው። እዚህ ታሪክ ሲለወጥብን እርሳሳችንን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥና እንደ አዲስ እንጠይቃለን። ዋሽታችኋል ለማለት አይደለም፤ ሰው ሲደነግጥ ይዘባርቃል። ግን እንጠይቃለን።

የመዳፉን ንጽሕና እንደ መልካም ዜና ጻፍሽልኝ። እኔ ግን ከዚያ መስመር ማለፍ አቃተኝ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ሲሮጥም ሲገፋም ብዙውን ጊዜ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉ ወይም ክርኑ ይፋቃል። የማይደርስለት ልጅም አለ፣ በዚህ ብቻ አልፈርድም። ቢሆንም ልጠይቅሽ። ሲወድቅ እጆቹ የት ነበሩ?

ሌላም አለ። ያ የአራት ዓመት ልጅ ገፍቶታል ብንል እንኳ፣ አራት ዓመቱ ነው። አሁን የት ነው የሚውለው?

ካንቺ ጋር እንደ ሌላ ሰው መነጋገር አልችልበትም፤ ስለዚህ በደንብ አልጻፍሁት ይሆናል። ግን መልሽልኝ።

ልጅሽ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ሰላም ላንተ ይሁን። ለወጉ ያህል ነው።

ባጎረስኩ ጣቴን ተነከስኩ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የነካሹ ጥርስ የሐኪም ይሆናል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እናትህ ስትሞት የአሥር ወር ልጅ ነበርክ። ያን ጊዜ "እጆቹ የት ነበሩ" ብሎ የጠየቀኝ ማንም የለም። እጆችህ አንገቴ ላይ ነበሩ።

ትናንት ቢሮው ሰበሰበን። ሁለት መስመርህን ብትነፍገኝም የመጀመሪያው ገጽህ አልጠፋብኝም። ያን "ትንንሽ ልጆች ጥርሳቸውን የሚጎዱት" ያልክበትን፣ ስምህና ማኅተምህ ያለበትን፣ ሰጠኋቸው። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ "የጓደኛ ጭንቅላት" የሚለው ጋ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። ከባሕር ማዶ የመጣ ማኅተም ነው፤ ማን ይከራከረዋል? በልጆች መካከል የደረሰ አደጋ ነው ተብሎ ተመዘገበ። ፈቃዴ ጸና። የባንኳ ሴትዮ ፊርማዋን አኑራ ወጣች። የጄኔራሉ እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ፈረመች። "ይቅርታ፣ ቤትም እንዲሁ ያስቸግረኛል" አለች።

እንዲህ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እንግዲህ እርሳስህን አንሣና ሌላ ሰው መርምር።

አክስትህ


ታኅሣሥ 13 ቀን

አክስቴ፣

ጤና ይስጥሽ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም።

በዚያ ገጽ ላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው። አንቺ ግን የውሸት መሸፈኛ አደረግሽው። ስሜ ያለበትን ወረቀት ሰውዬው ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ያቺ ሴት ከኋላ ተቀምጣ ልጄ ነው ያጠፋው ብላ ስታምን ይታየኛል። 

የልጅነቴን ወንበር አስታውሳለሁ። ማስታወሴን አታውቂም መሰለኝ፤ አንስቼብሽ አላውቅምና። ከኩሽናው በር አጠገብ ታስቀምጪኝና ሁለቱን እጆቼን ከወንበሩ ክንድ ጋር በሻሽ ታስሪኝ ነበር። ቆዳዬ እንዳይላጥ ከሻሹ ሥር ጥጥ ታደርጊልኝ ነበር። ብቻሽን ነበርሽ፤ የጋዝ ምድጃው ይነድዳል፣ እኔ ደግሞ እግር እንዳወጣሁ እሳቱን ነበር የምፈልገው። አልተቀየምኩሽም፣ አሁንም አልቀየምሽም። ያለ ሻሹ ዛሬ ፊቴ ጠባሳ ይሆን ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜ ይህን ሥራ ስማር ግን አንድ ቀን አስተማሪያችን እጁ የተያዘ ሕፃን ከነወንበሩ ሲደፋ መጀመሪያ መሬት የሚደርሰው አፉ ነው አለን። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ድቡሽ ታስሮ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ታስሮ ነበር።

ለቢሮው አልጽፍም። ፈሪ በይኝ፤ ያሳደገችኝን ሴት በፖስታ ልከስ አልችልም። የምጽፈው ላንቺ ነው። ፈቃዱን ያጸናሽው በአንድ የአራት ዓመት ልጅ ላይ ቆመሽ ነው። ከላዩ ውረጂለት።

ልጅሽ


ጥር 16 ቀን

አክስቴ፣

ወር አለፈ። ደህና መሆንሽን ብቻ በአንድ መስመር ጻፊልኝ። ጎረቤትሽ ባለ መድኃኒት ቤቱ ጋ ደውዬ ነበር፤ "ደህና ናት፣ በሯ ግን ተዘግቷል" አለኝ። የቤትሽ በር ይሁን የማቆያው ሳልጠይቀው ስልኩ ተቋረጠ።

ጭራሮሽ


የካቲት 7 ቀን

ልጄ፣

ጤናህን ይጠብቅልኝ። ካንተ በቀር ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው የለኝም፤ ይህንንም እያወቅሁ ነው ወር ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት። 

የሆነውን እነግርሃለሁ። ምሳ ሰዓት ነበር። ድቡሽ አንድ ማንኪያ ይጎርስና ይሮጣል፣ አንድ ማንኪያ ይጎርስና ይሮጣል። አሥራ ስድስቱ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። እጆቹን በሻሼ አሰርኩት፤ ጥጡንም አልረሳሁም። ስልኩ ጮኸ። ላነሳ ስሄድ ወንበሩን ደረጃዋ አፍ ላይ እንደተውኩት አላሰብኩም። ልጁ ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ ከነወንበሩ ተደፋ። ድምፁን ሰምቼ ስመለስ በአፉ ተደፍቶ ነበር።

ልጄ፣ መጀመሪያ የፈታሁት ሻሹን ነው። እሱን ያነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ እየወረደ፣ እኔ ቋጠሮ ስፈታ። ሻሹን ጡቴ ሥር ወሸቅሁት። ከዚህ የሚከፋ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ለእናቱ "ሮጦ ወደቀ" አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ያቺን ለማቃናት ሌላ አመጣሁ። ጄኔራሉን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሲገፋፋ ሁሉም ያውቀዋል፤ እናቱም እየተመላለሰች ለመከራከር ከሥራ መቅረት አትችልም። ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አሰላሁት። ክፉ ሰው አይደለሁም እያልኩ ነው ያሰላሁት።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ሦስት ጊዜ ቢሮው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ። ሰብሳቢው ሻይ እየጠጣ ነበር፤ ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ፈቃዱን ወሰዱት። ይመልሱልኝ እንደሁ አልጠየቅሁም። ባንክ ቤት ሄጄ ለድቡሽ እናት በመስኮቱ በኩል ነገርኳት፤ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። "ሻሹ ምን ዓይነት ቀለም ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። "ልጄ ያን ቀለም ሲያይ ለምን እንደሚያለቅስ አሁን ገባኝ" አለችና "ቀጣይ" ብላ ተጣራች። ጥርሱ ብቅ ማለት ጀምሯል፤ እሱን የሰማሁት ከባለ መድኃኒት ቤቱ ነው።

ከዚያ ወደ ልብስ ስፌቱ ፋብሪካ ሄድኩ። የጄኔራሉ እናት ልጁን የሚይዝላት ስላጣች ከስፌት ማሽኗ ሥር አስቀምጣው ትውላለች፤ አለቃዋ አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ጎንበስ ስል በቁርጥራጭ ጨርቅና በአዝራር መሃል ተቀምጧል። አንድ ሻለቃ የሚሆን አዝራር ከፊቱ ተበትኗል፤ አንዱንም አላሰለፈም። ሁለት እጁን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ተቀምጦባቸዋል። "ምን ሆኖ ነው?" አልኳት። "ከእናንተ ጋ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ስናገረው እጄ ያጠፋል ይለኛል" አለችኝ። ማሽኑ ይጮኻል፤ ጮኼ ነው የነገርኳት። መስፋቷን አቆመች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ ገና ሳላናግረው፣ "እትዬ፣ ሁለተኛ አልገፋውም" አለኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴም ትዝ አላለኝ። "አንተ አልገፋኸውም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ ወንበሩ ነው የወደቀው" አልኩት። አስተውሎ ሰማኝ። "ገፍቼዋለሁ" አለ። "እንዴት አድርገህ?" አልኩት። እጆቹን አወጣና "እንዲህ" ብሎ አሳየኝ። አየሩን በሁለት መዳፉ ገፋ አደረገው።

አንተ የጥርስ ሐኪም ነህ፤ ይህ ያንተ ሙያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የማውቀው የተማረ ሰው አንተ ብቻ ነህና እስቲ ጠይቅልኝ፣ እንዲህ ያለው ነገር ከልጅ ልብ እንዴት ነው የሚወጣው? አሁን ሥራ የለኝም። እናቱ ፈቅዳልኝ ቀን ቀን ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ። በየቀኑ "አልገፋኸውም" እለዋለሁ። እንዳላዝን ብሎ "እሺ" ይለኛል።

አክስትህ